ከእስያ የስልሳዎቹ ጊታር ባንዶች ጅማ ምን ትማር?

ለተከበሩ የጋዜጣው የባህልና ኪነ ጥበብ ገጽ አዘጋጅ፣

ስለ ስልሳዎቹ ሙዚቃ በጋዜጦቻችን ሲጻፍ መንገዱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ከሊቨርፑል ወይም ከሜምፊስ ይነሣና ቀጥ ብሎ አዲስ አበባ ይገባል። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ይወሳሉ፣ ከዚያ የአምሃ እሸቴ ሸክላዎች ይከተላሉ። ይህ ሁሉ ሊጻፍ የሚገባው ነው። በዚያው ዘመን ከቶኪዮ እስከ ጃካርታ፣ ከሲንጋፖር እስከ ፕኖም ፔን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው ስለተነሡት ወጣቶች ግን አንድ ዓምድ ማግኘት ይቸግራል። እኛ ጅማ ውስጥ ጊታር የምናስተምርና የምንጠግን ሰዎች ነን። ለከተማችን ወጣት ሙዚቀኞች ከቢትልስ ይልቅ የእነዚያ የእስያ ባንዶች አሠራር ይቀርባቸዋል ብለን እናምናለን። ለምን እንደሆነና ዛሬ እንዴት ሊሠራበት እንደሚችል ከዚህ በታች በዝርዝር እንጽፋለን፤ ከጋዜጣው የምንጠይቀውም አንድ ነገር አለ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጅማ ሰርግ ላይም ሆነ በምሽት ቤት ዛሬ የሚሰማው በአብዛኛው አንድ ሰው በኪቦርድ የሚይዘው ሙዚቃ ነው። ድራሙ ከኪቦርዱ፣ ቤዙ ከኪቦርዱ፣ ማሲንቆው ሳይቀር ከኪቦርዱ ይወጣል። ኪቦርዲስቱ ሙያው ነውና አንነቅፈውም። ጉዳቱ የሚታየው ጊታር በተማረው ልጅ ላይ ነው፤ አብሮት የሚጫወት ሰው ስለማያገኝ ሁለት ዓመት የለፋበትን መሣሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይተወዋል። የእስያ ወጣቶች ያገኙት መፍትሔ አራት ሰው ነበር፦ ዜማውን የሚይዝ ሊድ ጊታር፣ ኮርድ የሚመታ ሪትም ጊታር፣ ቤዝ ጊታርና ድራም። ዘፋኝ ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘም ጊታሩ ራሱ ይዘፍናል።

መነሻው የእንግሊዙ ሻዶውስ ባንድ ነው። በ1960 «አፓቼ» የተባለውን ያለ ዘፈን የሚጫወት ሸክላ ካወጣ በኋላ በ1961 ኅዳር ላይ ከዘፋኙ ክሊፍ ሪቻርድ ጋር ሲንጋፖር ድረስ መጥቶ ተጫወተ። በዚያው ዓመት የኩዊንስታውን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ኩዌስትስ የተባለ ባንድ አቋቋሙ። በ1964 «ሻንቲ» የተባለው የራሳቸው ሙዚቃ በሲንጋፖር የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ የቢትልስን ዘፈን ከአንደኛነት አወረደው። ቃል የሌለበት፣ በተማሪ ልጆች የተሠራ የጊታር ዜማ ነበር። በታይላንድም ይህን አጨዋወት የያዙ ባንዶች በጅምላ የሻዶው ባንድ ይባሉ ነበር።

ጃፓንን ያጥለቀለቀው ደግሞ የአሜሪካው ቬንቸርስ ነው። በ1962 መጀመሪያ ሲመጡ ከአባላቱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ በ1965 ሙሉ ባንድ ሆነው ሲመለሱ አገሩ ሁሉ ጊታር ያዘ። ሙዚቃቸው ቃል ስለሌለው እንግሊዝኛ ማወቅ አላስፈለገም፤ አንድ የጃፓን ተማሪ ሸክላውን እየሰማ ከካሊፎርኒያ ልጅ እኩል ሊጫወተው ይችል ነበር። ቴስኮና ጉያቶን የተባሉ የጃፓን ፋብሪካዎች በተማሪ አቅም የሚገዛ ጊታር ያመርቱ ነበር። ወላጆች ተደናገጡ፤ በዚያው በ1965 የአሺካጋ ከተማ የትምህርት ቦርድ ተማሪዎች ኤሌክትሪክ ጊታር እንዳይገዙ ከለከለ። ክልከላው ግን ጎርፉን አላቆመውም። ቴራኡቺ ታኬሺ ብሉ ጂንስ ከተባለው ባንዱ ጋር፣ ኋላም ባኒስ ከተባለው ባንድ ጋር፣ የአገሩን የሕዝብ ዜማዎች በኤሌክትሪክ ጊታር መቅረጽ ጀመረ፤ በ1967 የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ሳይቀር በጊታር ተጫወተው። በእኛ እምነት በዚያ ዘመን ከተሠራው ሁሉ ለኢትዮጵያ ጊታሪስት እጅግ የሚጠቅመው የእሱ ሥራ ነው፤ ምክንያቱን ስለ ቅኝት ስንጽፍ እናሳያለን።

ኢንዶኔዥያ የራሷ ታሪክ አላት። የሱራባያዎቹ ቲልማን ወንድማማቾች በ1957 ወደ ሆላንድ ሄደው ጊታር በጀርባቸው ይዘው፣ በጥርሳቸው እየመቱ ሲጫወቱ አውሮፓ ገና እንዲህ ያለ ነገር አላየም ነበር። አንዲ ቲልማን በጊታሩ ላይ አራት ክር ጨምሮ አሥር አድርጎታል፤ ከፋብሪካ የወጣውን መሣሪያ ለሚፈልገው ድምፅ መቀየር ነውር አልነበረም። በአገር ቤት ደግሞ ኩስ በርሳውዳራ የተባሉት ወንድማማቾች የምዕራብ ሙዚቃ ተጫውታችኋል ተብለው በ1965 በፕሬዚዳንት ሱካርኖ መንግሥት ሦስት ወር ታሰሩ፤ ከእስር ወጥተው የአገሪቱ ትልቅ ባንድ ሆኑ። ዳራ ፑስፒታ የተባሉት የሱራባያ ሴቶች ሊድ፣ ሪትም፣ ቤዝና ድራሙን ራሳቸው ይዘው በ1968 አውሮፓ ዞሩ። በከተማችን ሴት ልጅ ለድምፅ ብቻ የምትፈለግ ለሚመስላቸው የሙዚቃ አስተማሪዎች የእነሱን ቅጂ አስደምጡ እንላለን።

በማሌዥያና በሲንጋፖር ማላይኛ ተናጋሪዎች ይህንኑ የጊታር ድምፅ በቋንቋቸው ማዜም ጀመሩ፤ የኤም. ኦስማን «ሱዛና» በ1964 በር ከፈተ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጊታሪስቱ ሺን ጁንግ ሂዮን ሙያውን የተማረው በአሜሪካ ጦር ክበቦች ውስጥ እየተጫወተ ነው፤ አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ቃኘው ጣቢያ ለእኛ ሙዚቀኞች ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ካምቦዲያ ውስጥ ባክሴይ ቻም ክሮንግ የተባለው ባንድ ጊታሩን አስጀመረ፣ ዘፋኙ ሲን ሲሳሙት በዝና ነገሠ፤ ክመር ሩዥ በ1975 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን አብዛኞቹ ሙዚቀኞች አለቁ። ዛሬ ድምፃቸውን የምንሰማው ሰዎች ደብቀውና ይዘው በተሰደዱት ሸክላና ካሴት ነው። ጅማ ውስጥ በየቤቱ የሸክላ ካርቶን ያላቸው አባቶችና እናቶች ይህን ልብ እንዲሉ እንለምናለን፤ የከተማችን እርጥበት ሸክላን ያሻግታል። ሸክላው ተጋድሞ ከተደራረበ ይጎብጣልና ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ሻጋታው በተጣራ ውኃና በአንድ ጠብታ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ክቡን ተከትሎ ይጠረግ። በድሮው ባለ 78 ዙር ሸክላ ላይ አልኮል ከነካ ገጹን ያሟሟዋል፤ ፈጽሞ አይሞከር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የዚያ ዘመን ድምፅ ከክሩ ይጀምራል። ዛሬ ጊታሮች ከፋብሪካ የሚመጡት በቀጭን ክር ነው፤ መጀመሪያው ክር 9 ወይም 10 ቁጥር ይሆናል። በስልሳዎቹ የሚጫወቱት 12 ወይም 13 ቁጥር ነበር፤ ሦስተኛው ክርም እንደ ቤዞቹ የተጠቀለለ ነው። ቀጭን ክር በኃይል ሲመታ ቃናው ከፍ ብሎ ተመልሶ ይወርዳል፤ ዜማ ለብቻው ሲጫወት ይህ ያስታውቃል። ወፍራሙን ለማስገባት ግን ክሩን ገዝቶ መወጠር ብቻ አይበቃም። በአንገቱ ጫፍ ያለው መስመር ለወፍራም ክር ስለሚጠብብ ክሩ ሲቃኝ እየተያዘ ይንጣጣል፤ በቀጭን ሞረድ ቀስ ብሎ ማስፋት ያስፈልጋል። እጀታ ያለው ተንቀሳቃሽ ድልድይ ከሆነ በጀርባው ያሉት ሦስት ስፕሪንጎች ስለማይችሉት ድልድዩ ወደ ፊት ይነሣል፤ አራተኛ፣ ካስፈለገም አምስተኛ ስፕሪንግ ይጨመር። አንገቱም ይጎብጣል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፍሬት (በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን ብረቶች) አንድ ላይ ተጭኖ ሰባተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት መለካት ነው፤ ከሩብ ሚሊሜትር እጅግ ከበለጠ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ በሩብ ዙር ብቻ አጥብቆ አንድ ቀን መጠበቅ። በአንዴ ሙሉ ዙር ያዞሩ ሰዎች ዘንጉን ሰብረው ወደ ጠጋኝ የመጡባቸው ጊታሮች ጥቂት አይደሉም። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ የጅማ ጊታር በሐምሌና በጥር አንድ ዓይነት አይቆምም፤ ይህን ምርመራ በዓመት ሁለት ጊዜ ማድረግ ይበጃል።

ቀጥሎ ኢኮው፣ ማለትም ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልሰው መሣሪያ ነው። ሻዶውስን ሻዶውስ ያደረገው ከጊታሩ እኩል ኢኮው ነው። የዚያ ጊዜ ማሽን በውስጡ የሚሽከረከር የቴፕ ቀለበት አለው፤ አንዱ ራስ ይቀርጻል፣ ከእሱ ራቅ ብለው የተቀመጡት ሌሎቹ ራሶች ያጫውታሉ። ቴፑ በሰከንድ 19 ሴንቲሜትር ቢሄድና ራሱ 5 ሴንቲሜትር ቢርቅ ድምፁ ከሰከንድ ሩብ ትንሽ ዘግይቶ ይመለሳል ማለት ነው። ዛሬ በርካሽ የእግር ፔዳል ይገኛል። መደጋገሙ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይብቃው፤ የሚመለሰው ድምፅ ከዋናው ሩብ ያህል ይሁን። የብዙ ጀማሪ ስህተት ኢኮውን ማብዛት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ደስ ይላል፣ አዳራሽ ውስጥ ግን ከግድግዳው ድምፅ ጋር ተደባልቆ ዜማው ይጠፋል።

ጊዜው ከምቱ ጋር መጣጣም አለበት። 60,000ን በደቂቃ ውስጥ ባለው ምት ብዛት ማካፈል ነው፤ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በአራት ምት ለሚሄድ ሙዚቃ የሦስት አራተኛው፣ ማለትም 375፣ ያምራል። በችክችካ ላይ ግን 375 ያደናብራል። ችክችካ አንዱን ምት ለሦስት ስለሚከፍል ኢኮው ከሦስቱ በሁለተኛው ክፋይ መጨረሻ ላይ መውደቅ አለበት፤ ያ 333 ነው። የውጭ ትምህርት እያዩ 375 ላይ ያስቀመጡ ልጆች ድራሙ የተሳሳተ ይመስላቸዋል፤ ቁጥሩን ሲቀይሩ ያን ጊዜውኑ ይስተካከላል።

ቅኝት ላይ ስንደርስ ጃፓን ለእኛ ቅርብ ትሆናለች። ሚያኮ ቡሺ የተባለው የጃፓን ቅኝት ከኢ ሲነሣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። ይህ አምባሰል ነው፤ አንዲት ኖታ አይለያይም። እነዚያኑ አምስት ኖታዎች ይዞ ማረፊያውን ከኢ ወደ ኤ ቢያዛውሩት ትዝታ ማይነር ይሆናል፤ የጃፓን የዘመኑ ዘፈኖች አብዝተው የሚጠቀሙበትም ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ የጅማ ጊታሪስት የቴራኡቺን የሕዝብ ዜማ ሲሰማ ጣቱ የሚሄድበትን መንገድ ያውቀዋል፤ የሚማረው ቅኝቱን ሳይሆን አመታቱን ነው።

በጊታሩ ላይ እንዲህ ይገኛል። ስድስተኛው ክር ላይ ሳይያዝና አንደኛው ፍሬት፤ አምስተኛው ላይ ሳይያዝ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፍሬት፤ አራተኛው ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው፤ ሦስተኛው ክር ላይ ሁለተኛው ፍሬት ብቻ፤ ሁለተኛው ክር ላይ ሳይያዝና አንደኛው፤ መጀመሪያው ክር ላይ ሳይያዝ፣ አንደኛውና አምስተኛው። አራተኛውና ሦስተኛው ክር ሳይያዙ የሚሰጡት ዲ እና ጂ ከቅኝቱ ውጪ ናቸው። ጣት ሳይደርስ ፒኩ (የክር መምቻው) ከነካቸው አምባሰሉ ወዲያው ይፈርሳል፤ እነሱ በማይመቱበት ጊዜ የቀኝ መዳፍ ዳር ላያቸው ላይ ዐርፎ ያፍናቸው።

ሪትም ጊታሩ ላይ የሚሠራው ስህተት ከዚህ የከፋ ነው። ዜማው ኢ ላይ ስለሚያርፍ ኢ ሜጀር ወይም ኢ ማይነር ይመታል፤ የመጀመሪያው ጂ ሻርፕን፣ ሁለተኛው ጂን ያስገባል፤ ሁለቱም አምባሰል ውስጥ የሉም። ትክክለኛው ኢ ላይ ሲታረፍ ኢ እና ቢን ብቻ መምታት ነው። ኤ ማይነርና ኤፍ ሜጀር ግን ኖታዎቻቸው በሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ስላሉ እንደልብ ይመታሉ። በእነዚህ ሦስት መያዣዎች አንድ ሙሉ ሙዚቃ ይሠራል። ቤዙ ኢ እና ቢን፣ ኤ እና ኢን፣ ኤፍና ሲን ይዞ ከድራሙ የእግር ምት ጋር እኩል ይውደቅ፤ በፒክ ይመታ፣ መዳፉም ድልድዩ ላይ ይረፍ። ቤዝ ሲረዝም አዳራሹ ይጮኻል።

ጃፓኖች ከቬንቸርስ ወስደው እንደ ራሳቸው ያደረጉት አንድ አመታት አለ፤ በአፋቸው «ቴኬ ቴኬ» ይሉታል። አንድ ወፍራም ክር አሥራ ሁለተኛው ፍሬት አካባቢ ይያዛል፣ የቀኝ መዳፍ ዳር ከድልድዩ አጠገብ ክሩን በከፊል ያፍናል፣ ፒኩ ወደ ታችና ወደ ላይ በፍጥነት እኩል ይመታል፤ የግራ ጣት ክሩን ሳይለቅ ወደ መጀመሪያው ፍሬት ይንሸራተታል። ቴኬ ቴኬ ቴኬ እያለ ይወርዳል። መዳፉ ከድልድዩ ራቅ ካለ ክሩ ሙሉ በሙሉ ይሞትና እንጨት የመምታት ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ በጣም ከቀረበም አይታፈንም። ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ በጆሮ መፈለግ ነው። ፒኩ ጠንካራ ይሁን፤ ለስላሳው ይታጠፍና ምቱን ያዘገያል። ክራር በግርፍ የለመደ እጅ ይህን ቶሎ ይይዘዋል፤ ጅማ ውስጥ ክራር የሚመቱ ልጆች ሞልተዋል።

ስለ ኤሌክትሪክ ሳንጽፍ አናልፍም። የጊታሩ አምፕሊፋየርና የማይክሮፎኑ ሚክሰር በሁለት የተለያዩ ሶኬቶች ላይ ሲሰኩ፣ አንዱ ምድር ሽቦ ከሌለው፣ ጊታሪስቱ ክሩን ይዞ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሲነካ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ሰው ይሞትበታል። ሁለቱም ምድር ካለው ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ፤ እምምም የሚለውን ጩኸት ለመቀነስ ሲባል የምድሩ እግር ፈጽሞ አይቆረጥ። ያ ጩኸት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከፍሎረሰንት መብራትና ከትራንስፎርመር ስለሆነ ጊታሪስቱ ራቅ ብሎ ይቁም፣ ፊቱንም በመጠኑ ያዙር፤ በአንዱ አቅጣጫ ሲቀንስ ይሰማዋል። መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ ይዘጋ፤ ሲመለስ ጥቂት ተጠብቆ ይከፈት፣ በመጀመሪያው ንዝረት የሚቃጠሉት ብዙ ናቸውና።

የምንጠይቀው ነገር ይህ ነው። በ1965 ቱርክ ውስጥ ሁሪየት የተባለው ጋዜጣ «ወርቃማ ማይክሮፎን» የሚል ውድድር ከፈተ። ደንቡ የቱርክን ዜማ በዘመናዊ መሣሪያ መጫወት ነበር፤ እስከ 1968 በየዓመቱ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ቱርክ የራሷ የሆነ የጊታር ሙዚቃ ያላት አገር ሆናለች። ጥሪውን ያቀረበው የሙዚቃ ኩባንያ ወይም መንግሥት አልነበረም፤ ጋዜጣ ነበር።

የእናንተ ጋዜጣም ይህንኑ ቢጀምር፣ የመጀመሪያውንም ዙር ጅማ ላይ ቢያደርገው፣ እኛ ዳኝነቱንም ድምፅ ማጉያውንም ያለ ክፍያ እንሠራለን። ደንቡንም እንዲህ አስበነዋል። ባንዱ አራት ሰው ይሁን፤ ሦስት ጊታርና ድራም። ኪቦርድና የተቀዳ ምት አይገባም። አንዱ ሙዚቃ ቃል የሌለው ሆኖ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ይሠራ፤ ሁለተኛው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም ልጆቹ በሚያዜሙበት በማንኛውም ያገር ቋንቋ ይዘፈን። አንዱ ሙዚቃ ከአራት ደቂቃ አይብለጥ። ጊታር የሌለው ባንድ ሊዋስ ይችል ዘንድ በመድረኩ ላይ ሁለት የተቃኙ ጊታሮችና አንድ ቤዝ እናዘጋጃለን፤ ክራቸው 12 ቁጥር ይሆናል። ጊዜው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወቅት ቢሆን ለመሣሪያውም ለተመልካቹም ይሻላል። መልሳችሁን በገጻችሁ ላይ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጊታር የምናስተምርና የምንጠግን የጅማ ነዋሪዎች
ጅማ